የዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም የበለጠ ተነግሯል። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ የመቅደላን አምባና የመጨረሻይቱን ሽጉጥ የማያውቅ ተማሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። እኛ ለዛሬው እሑድ የመረጥነው ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስለውን፣ ነገር ግን በሥዕላቸው ላይ ቀድሞ ዓይን የሚስበውን ጠጉራቸውን ነው። ነገሩ ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ይህ ጠጉር ባለቤቱ በሞቱ ጊዜ ከራሳቸው ተቈርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በባዕድ አገር 150 ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በሚኒስትር እጅ ወደ አገሩ ተመልሷል። ለአንድ ጕንጕን ጠጉር መንግሥት ከመንግሥት ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ጠጉሩ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በጎንደር በችግር ይኖሩ ነበር፤ ጠላቶቻቸው ኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቧቸው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ካሣ ፊደል እንዲቈጥሩ ጨንከር ወደሚገኘው የተክለ ሃይማኖት ገዳም ተላኩ። በዚያ ዘመን የሕፃን ልጅ ራስ ተላጭቶ ቍንጮ ብቻ ይቀርለት ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ተማሪም ጠጉር አያሳድግም። ገዳሙ ግን በደጃዝማች ማሩ ሠራዊት ተመታ፤ ልጆቹም ብዙዎቹ አለቁ። ካሣ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ ሆኑና ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገብተው የጦር ትምህርት ጀመሩ። ከዳዊትና ከተላጨ ራስ ወደ ጋሻና ወደ ሹሩባ የተሻገሩት እንግዲህ በዚህ ዓይነት ነው።

የሹሩባን ነገር ለዛሬ ወጣት ማስረዳት ይገባል። የዛሬው ወጣት ጠጉሩን የሚያሳድገው ደስ ስላለው ነው፤ የሚቈርጠውም እንዲሁ። በካሣ ዘመን ግን የወንድ ጠጉር የባለቤቱን ማዕረግ የሚያስነብብ ጽሑፍ ነበር። በጦር ሜዳ ጠላቱን የገደለ፣ ወይም በአደን አንበሳና ዝሆን የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ሲመለስ ዘመዶቹ በእልልታ ይቀበሉትና ራሱን ቅቤ ይቀቡት ነበር፤ ከዚያም በኋላ ጠጉሩን ሹሩባ ለመሠራት መብት ያገኛል። በ1830ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ የወጣቱ ጕንጕን ከግዳዩ ጋር አብሮ እንደሚጨምር ጽፏል። ምንም ያልገደለ ጐበዝ ራሱን ቢያስጐነጕን በአደባባይ መሳቂያ ይሆናል። የካህኑ ራስ የተላጨና በጥምጣም የታሰረ፣ የገበሬው አጭር፣ የጦረኛው የተጐነጐነ ስለ ነበረ፣ መንገደኛ ከሩቅ አይቶ የሰውየውን ሥራ ያውቅ ነበር።

ሹሩባ መሠራት ግን በመብት ብቻ አይሆንም፤ ጠጉርም ያስፈልገዋል። ከግንባር ጀምሮ እስከ ማጅራት የሚወርድ ወፍራም ጕንጕን የሚያምረው ጠጉሩ ሲበዛ ነው። ጠጉሩ የሳሳበት ሰው ከተጐነጐነ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቆዳ ይታይና ጕዳዩን ያጋልጥበታል። ለዚህ የነበረው ዘዴ ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ ከተወቀጠ አደስ ጋር ተለውሶ ራስ ላይ ይደረጋል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልጦ ወደ ጠጉሩ ይገባል፤ እያንዳንዱን ዘለላ ሸፍኖ ያወፍረዋል፣ እንዳይሰባበር ይጠብቀዋል፣ ጕንጕኑንም አጥብቆ ይይዘዋል። አደሱ ደግሞ መዓዛ ይሰጠዋል። ሥራው የሴቶች ሥራ ነበር፤ ወንዱ ከሚስቱ ወይም ከእኅቱ ጕልበት ሥር ተቀምጦ፣ በሚዶ ተበጥሮ፣ በወስፌ ተከፍሎ፣ ረጅም ሰዓት ታግሦ ይሠራል።

ጠጉራቸው እየሳሳ የሚጨነቁ አንባቢዎች እንዳሉን ስለምናውቅ ከታሪኩ ጥቂት ዘወር እንላለን። በዛሬው ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ብልቃጥ ሁሉ፣ ሻምፖም ይሁን የጕሎ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይትም ይሁን ጠጉር ያበዛል የተባለ ቅባት፣ አብዛኛው የሚሠራው የአያቶቻችን ቅቤ የሠራውን ነው። የወጣውን ዘለላ ከላይ ይሸፍናል፣ ወፍሮም እንዲታይ ያደርጋል። አዲስ ጠጉር የሚወጣው ግን ከራስ ቆዳ ውስጥ ካለው ሥር ስለሆነ፣ ከላይ የተቀባ ዘይት ሥሩን አይተካውም። ስለዚህ ጠጉሩ የሳሳበት ሰው ሲገዛ ከባዱን ትቶ ቀላሉን፣ ብዙውን ትቶ ጥቂቱን ይምረጥ፤ ቅባት ሲበዛ ሳሳ ያለውን ጠጉር እርስ በርሱ አጣብቆ ቆዳውን ይበልጥ ያሳያልና። አጥብቆ መጐንጐንም ግንባር ላይ ያለውን ሥር እየሳበ ጠጉሩን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ ይህን ለሴቶች እኅቶቻችን በተለይ እንነግራለን። በዘር ለሚመጣው መሳሳት ሚኖክሲዲል የተባለው መድኃኒት ብዙዎችን እንደሚረዳ በሐኪሞች ተፈትኖ ታውቋል፤ ነገር ግን የሚረዳው እስከ ተቀቡት ድረስ ብቻ ነው፤ ያቋረጠ ሰው ያገኘውን ይመልሳል። በድንገት ወይም በክብ በክብ የሚረግፍ ጠጉር ያለው ደግሞ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ወደ ካሣ እንመለስ። ደጃዝማች ክንፉ ከሞቱ በኋላ ካሣ በቋራ በረሃ ሸፈቱ። በጎንደር የነበሩት እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጦር እንደማያሸንፏቸው ስለ ተረዱ በጋብቻ ሊይዟቸው ፈልገው የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፆች ጋር ተዋግተው ተሸነፉ፤ ቈሰሉም። ለሚያክማቸው መድኃኒተኛ ዋጋ የሚሆን ፍሪዳ እንዲላክላቸው እቴጌ መነንን ቢለምኑ የተላከላቸው ጥቂት ሥጋ ብቻ ሆነ ይባላል። ወይዘሮ ተዋበችም ስድቡ የባሏ ብቻ አለመሆኑን ተረድታ፣ በአያቷ ላይ እንዲነሡ የመከረቻቸው እሷ ነች ተብሎ ይነገራል። ፖለቲካ ያጋባት ሴት ባሏን ከወገኖቿ አስበልጣ መውደዷ በታሪካችን ውስጥ ከሚያስደንቁን ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጕር አምባ ደጃዝማች ጎሹ ወደቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊ ድል ሆኑ፤ ዘመነ መሳፍንትም በዚሁ ቀን ጀርባው ተሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተሸንፈው ሲያዙ፣ ካሣ እዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የነገሡት ንጉሥ ግን እንደ ንጉሥ አይለብሱም ነበር። መኳንንቶቻቸው በሐርና በለምድ አጊጠው ሲቀርቡ እሳቸው እንደ ወታደር ቀላል ልብስ ለብሰው፣ ብዙ ጊዜም ባዶ እግራቸውን ሆነው መታየታቸውን ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ዘውዱ በዕቃ ቤት ነበር። በየቀኑ ራሳቸው ላይ የነበረው የገዛ ጠጉራቸው ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ኋላ የተጐነጐነ የጦረኛ ሹሩባ። በአገሪቱ ስማቸው የገነነው ሰው ከተርታው ገዳይ የሚለዩበት ጌጥ አለመፈለጋቸው ሠራዊቱ እንዲወዳቸው ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይመስለናል። ኋላ የነገሡት ዐፄ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን በሻሽ አስረው ከላይ ባርኔጣ ደፍተው ስለሚታዩ፣ ሁለቱን ሥዕሎች ጐን ለጐን ያየ ሰው ልዩነቱን ያስተውላል።

በሥራቸውም ብዙ ጀመሩ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር አዘዙ፤ መንገድ አስጠረጉ፣ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ተሸከሙ። ታሪካቸውን ደብተራ ዘነብ በግዕዝ ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ጻፉላቸው፤ ዛሬ በዚህ ገጽ በአማርኛ ስንጽፍ ከዚያ ከተተከለው እየለቀምን ነው። ነገር ግን በ1850 ዓ.ም. ወይዘሮ ተዋበች ሞተች፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ዮሐንስ ቤል ተገደሉ። ልባቸውን የሚያበርድ ሰው አጠገባቸው አልቀረም። የደጃዝማች ውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩነሽን አግብተው በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁን ወለዱ፤ ቤታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። እሳቸውም ተቈጥተው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎቹን አውሮፓውያን አሰሩ።

የሰውየውን ሁለት ጠባይ አንድ ላይ ያየችው ቦታ ዘጌ ናት። በጥር 1858 ዓ.ም. የንግሥቲቱን መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከሐኪሙ ከብላንክና ከመኰንኑ ከፕሪዶ ጋር ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ራሳም የሞሱል ተወላጅ ሲሆን የነነዌን ፍርስራሽ በመቈፈር የታወቀ ሰው ነበር። ንጉሡ በደስታ ተቀበሉት፤ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው በነጋዴዎቹ ከተማ በቆራጣ አስቀመጡት። እሳቸው ሠራዊታቸውን ይዘው በባሕሩ ማዶ በዘጌ ሰፈሩ። ከቆራጣ እስከ ዘጌ መልእክተኛ በደንገል ታንኳ ይመላለስ ነበር።

ዘጌን ያላየ አንባቢ ከባሕር ዳር በጀልባ ጥቂት ተጕዞ ሊያያት ይችላል። ወደ ጣና የገባች ጫካ ናት፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሠረት በዚያ ምድር በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ ይህን ያስቡ፤ አንድ ሙሉ የንጉሥ ሠራዊት፣ ሹሩባው ቅቤ የለመደ፣ ላም በሌለበት አገር ሰፈረ። ቡና በደጁ ሞልቶለታል፤ ቅቤው ግን ከውጭ በሰው ጀርባና በታንኳ ካልመጣ አይገኝም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ቅዱሳን መካከል ጠጉራቸው ገላቸውን ሁሉ የሸፈናቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይገኛሉ፤ እሳቸው በበረሃ ቅቤም ልብስም ሳያሻቸው ኖሩ ይባላል። ወታደር ግን መናኝ አይደለምና የሚፈልገው ብዙ ነው።

በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. አውሮፓውያኑ እስረኞች ተፈትተው ከራሳም ጋር ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሆነ። ራሳምና ጓዶቹ ሊሰናበቱ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። በዚያም ባልጠበቁት ሰዓት ተያዙ፤ በመንገድ ላይ የነበሩትም ተመለሱ። ንጉሡ ተሰናባቾቹ ከሄዱ በኋላ ጦር ይመጣብኛል ብለው ሰጉ፤ ባለ ሙያዎች እንዲላኩላቸውም ፈለጉና መያዣ አደረጓቸው። ሐኪሙ ብላንክ ከንጉሡ አጠገብ የሰነበተ ሰው ስለሆነ መልካቸውን በዝርዝር ጽፏል። በቍጣቸው ጊዜ ፊታቸው አመድ እንደሚመስልና ጠጉራቸው እንደሚቆም፣ በደስታቸው ጊዜ ደግሞ ከእሳቸው የሚበልጥ ጨዋ ሰው እንዳልነበረ ከጻፈው እንረዳለን። እስረኛ የጻፈውን ሁሉ እንደ ወንጌል መቀበል አይገባም፤ ያም ሆኖ የሐኪም ዓይን ነው።

በሰኔ በዘጌ ሰፈር ኮሌራ ገባ። በጥቅጥቅ ጫካና በረግረግ መካከል የተጨናነቀው ሠራዊት ይረግፍ ጀመር። ንጉሡ ሰፈሩን አስነሥተው ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ስለ ጠጉር እየጻፍን ነውና አንድ የሐኪሞችን ነገር እናክላለን፤ ከባድ ትኵሳት ወይም ረኃብ ያገኘው ሰው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ጠጉሩ በብዛት ይረግፋል። ሥሩ ስላልሞተ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ራሱ ይመለሳል፤ ዘይትም አይፈልግም።

ከዘጌ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቍልቍለት ሆነ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተረፉም። ይህን ልንሸፍንላቸው አንችልም። ሠራዊታቸው ከዳ፤ አገሩ ሸፈተ። በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ፣ መንገዱን በእጃቸው እየጠረጉ፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። የጄኔራል ናፒየር ጦርም ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደዚያው ይገሠግሥ ነበር። በአሮጌ ጦርነት ዋዜማ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ከገደል ተወረወሩ። በስቅለት ዕለት ሚያዝያ 3 ቀን ሠራዊታቸው በአሮጌ ተመታ። አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጃቸውን ለመስጠት ግን አልፈቀዱም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ፣ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚያ የሆነው ለእንግሊዝ ጦር የማያስመሰግን ነው። ወታደሮች በሬሳው ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ለመታሰቢያ እያሉ ልብሳቸውን ቀደው ተካፈሉ። ጠጉራቸውም ተቈረጠ። በአገራችን ልማድ የገዳይ ምልክት የሆነው ሹሩባ፣ ሳይማረክ የሞተ ሰው ሹሩባ፣ የሌላ ሰው ግዳይ ሆነ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ የሞተውን ፊት ሣለ፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበትን ሥዕልም ለራሱ ወሰደ። ከአምባው የተዘረፈውን ዕቃ ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 የሚሆኑ በቅሎዎች አስፈለጉ፤ በደላንታ ሜዳም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የንጉሡ ሬሳ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበረ፤ ኋላም አፅማቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ቋራ፣ ወደ ሥላሴ ገዳም ፈለሰ።

የጠጉሩ ነገር ለብዙ ዘመን ተረሳ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1959 የንጉሡን የሬሳ መልክ የሣለው ሰው ቤተሰቦች ሁለት ዘለላ ጠጉር ለንደን ለሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ሰጡ። መጽሐፍ ወይም ዘውድ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ረጅም በሆነ ነበር፤ ከመቅደላ የተወሰደው አብዛኛው ዕቃ እስካሁን እዚያው ነው። ጠጉር ግን የሰው ገላ ነው። ኢትዮጵያ በመንግሥት ደረጃ ስትጠይቅ የሙዚየሙ ሹማምንት ጠጉሩ ከባለቤቱ አፅም ጋር እንዲያርፍ የቀረበውን ምክንያት ተቀበሉ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር ዶክተር ሂሩት ካሳው በለንደን ተረከቡት። ወደ አዲስ አበባ መጥቶም በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ።

የልጃቸው ነገር ግን ሌላ ነው። ዓለማየሁ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩነሽ አብራ ስትጓዝ በግንቦት 1860 ዓ.ም. በትግራይ መንገድ ላይ ሞታ በጨለቆት ተቀብራለች። ልጁን ያሳደገው ካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተና በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2023 አፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በአጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ወገን የሆኑ ሰዎች ሲጠብቁት የኖሩትን አንድ ዘለላ የልጁን ጠጉር በለንደን ለኢትዮጵያውያን አስረክበዋል።